የሻምበል ሐኪም

በአንድ ወቅት፣ ሦስት የእንስሳት ክሊኒክ በነበራት ትንሽ ከተማ፣ እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ይኖሩ ነበር። ባላቸው ጋሽ ወልደየስ ከሞቱ ገና መንፈቅ አልሞላም። ቤት ውስጥ የቀረላቸው ነፍስ ሻምበል ብቻ ነው፤ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ አፉ አካባቢ የሸበተ ውሻ። ጎረቤቱ «ለውሻ ይህን ያህል!» እያለ ይስቅባቸዋል። ይሳቅ። እሳቸው የሚያውቁትን ያውቃሉ፤ ሻምበል ከሄደ ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ የሚቀበላቸው የለም።

የፋሲካ ማግስት፣ የቅርጫው አጥንት በየደጁ በተጣለበት ቀን፣ ሻምበል አረፋ እየደፈቀ ግቢው ውስጥ ተንከባለለ። መንደሩ ግር ብሎ መጣ። «መርዝ ነው! ወተት አጠጡት!» አለ ሁሉም ባንድ አፍ። እትዬ የሺመቤትም መንጋጋውን ፈልቅቀው አንድ ጣሳ ወተት ጋቱት። ሻምበል ትንፋሽ አጠረው። ያን ጊዜ ደንግጠው ስልክ አነሱ።

ቀድሞ የደረሰው ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ክሊኒክ የከፈተው ወጣቱ ዶክተር መንክር ነው። አማቾቹን ማዕድ ላይ ትቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እየሮጠ መጣ። የሻምበልን ጉሮሮ ዳሰሰና «መርዝ አይደለም፣ አጥንት ነው» አለ። በመቆንጠጫ ሞከረ፤ አጥንቱ ይባስ ወደ ታች ሸሸ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያየዋል። ሌላው ቢሆን ለስሙ ሲል መታገሉን አይተውም ነበር፤ እሱ ግን መሣሪያውን አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው። ብነካካው እገድለዋለሁ።»

ከዚያም ከእሱ ጋር ከተኳረፈች ዓመት ያለፋትን ሌላዋን ሐኪም ደውሎ ለመናት፤ ሻምበልን በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ እትዬ የሺመቤትን አስከትሎ ከተማውን አቋረጠ።

ያቺ ሐኪም ዶክተር ትርንጎ ናት። እጇን የሚያህል እጅ በዚያ አገር የለም፤ ፊቷ ግን ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው። ውሻውን ጠረጴዛ ላይ እንዳየችው «ወተት ያጠጣው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ የሺመቤት።

«ወተቱ ሳንባው ውስጥ ገብቷል። አጥንቱ ሳይገድለው እርስዎ ሊገድሉት ነበር።»

በሩን ዘጋችባቸው። ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አለቀሱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አጥንቱን በፋሻ ይዛ ወጣች። «ተርፏል። ልቡ ግን ደክሟል፤ ከዓመት ብዙም አያልፍም» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ቁስሉ እየዳነ ሄደ። ሻምበል ግን እህል የሚባል አልቀምስ አለ። መንክር በየቀኑ እየመጣ መርፌ ወጋው፣ ትርንጎም በስልክ መድኃኒት ቀየረች፤ ወይ ፍንክች! በአምስተኛው ቀን ጋሽ ቀለመወርቅ መጡ። እሳቸው ዶክተር አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን በከብት ክትባት የፈጁ የእንስሳት ጤና ረዳት ናቸው፣ ክሊኒካቸውም አንዲት ክፍል ናት። ውሻውን ሳይነኩት አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ማን ነበር የሚያበላው?»

«ወልደየስ ነዋ! ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለሱ። ውሻ ማጉረስ ነውር ነው እያልኩ ስንቴ ተጣልቼዋለሁ! እሱ ከሞተ ወዲህ ሳህኑን አቀርብለታለሁ፤ በጣም ሲርበው ብቻ ይቀምስ ነበር።»

ጋሽ ቀለመወርቅ የሟቹን ካፖርት ለምነው ለበሱ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እንጀራውን በመረቅ አራሱና አንድ ጉርሻ ለራሳቸው ጎርሰው ሌላውን ዘረጉለት። ሻምበል ካፖርቱን ረጅም ጊዜ አሸተተው። ከዚያ ጎረሰ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንዲህ አበሉት። እትዬ የሺመቤት ያንን ካፖርት ከበስተኋላ እያዩ ያለቅሱ ነበር፤ ይህኛው ለቅሶ ግን ደስ የሚል ለቅሶ ነው።

ሆኖም «ልቡስ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ጋሽ ቀለመወርቅ «ኧረ ምንም አይለውም፣ ገና ስንት ዓመት!» ነው መልሳቸው። ለሰው ክፉ ወሬ መንገር አይሆንላቸውም። ተሰቃይቶ የሚሞትን እንስሳ እንኳ ያለ ሕመም የምትገድለውን የማሳረፊያ መርፌ ወግተውት አያውቁም።

ሻምበል ተነስቶ መሮጥ ሲጀምር ትርንጎ ቁርጡን ተናገረች። «ለደከመ ልብ የሦስት ሰው መድኃኒት መርዝ ነው። አንዳችንን ይምረጡና እስከ መጨረሻው እሱ ይያዘው።» ሌሎቹም ተስማሙ።

እትዬ የሺመቤት ሦስቱንም አንድ ነገር ጠየቁ፤ «መነሳት ያቃተው ቀን ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

መንክር «የትም ልሁን እደርሳለሁ። ካቃተኝም አልዋሽዎትም» አላቸው።

ትርንጎ «ቀኑ ሳይደርስ እነግርዎታለሁ። ክሊኒኬ ድረስ ያምጡት እንጂ፣ አንዲት ደቂቃ አይሰቃይም» አለች።

ጋሽ ቀለመወርቅ ደግሞ «ራሱን እግሬ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። እርስዎንም ብቻዎን አልተውዎትም» አሉ።

ሻምበል የማንን እጅ እንደሚመርጥ መናገር አይችልም፤ እትዬ የሺመቤትም እስካሁን አልቆረጡም። እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ተከራከሩና ፍረዱ፤ እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ያችን የመጨረሻ ቀን ለማን አምናችሁ ትሰጧት ነበር?