በእሾህ የተጠለለ ሰርዶ

አንድ ሰው ነበረ፤ ነጭ ሽንኩርት ተክሎ የሚያድር። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ወለተ ሰንበት። «አባ፣ እህቴን ይቅር ብያት ሳለ ቂሙ ለምን ይመለስብኛል?» ነው ያልሽኝ። እሱ ጋ እደርሳለሁ፤ አንቺ ብቻ እንደ ልማድሽ አትቸኩዪ።

ይህ ሰው ታላቅ ወንድም ነበረው። አባታቸው በወንዙ ዳር ያለውን ጓሮ እኩል አካፍሏቸው ሞተ። ከአንድ ቦይ በተራ ያጠጡ ነበር። አንድ የበጋ ጠዋት ታናሹ ወደ ቦዩ ቢወርድ፣ ተራው የእሱ ሆኖ ሳለ ውሃው ወደ ወንድሙ መደብ ዞሮ ጠበቀው። ወንድሙ ከብት ጥሶት ነው አለ፤ እሱ ሰርቀኸኝ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን እኔም አልደግመው፣ አንቺንም አይጠቅምሽ። ሳምንት ሳይሞላ ታናሹ የግራር እሾህ ጎትቶ፣ ከወሰኑ ላይ ድመት የማያሳልፍ አጥር አጠረ። አሁን ገና ሰላም አገኘሁ ብሎ ገባ።

ከዚያ ሰርዶ መጣ። ሰርዶን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ላዩ ለምለም ነው፣ ታቹ ግን ገመድ ነው። ሰውየው በንዴት በዶማ ከተከተው። የተቆራረጠው ሁሉ አፈር ውስጥ ቀርቶ እያንዳንዱ ለብቻው በቀለ። ቢሆንም በየዓመቱ ያንኑ ይሠራል፤ መደቡን ይከተክታል፣ ላዩን ይጠርጋል፣ ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። ጥቂት ሳይቆይ ያ አረንጓዴ ጫፍ በሽንኩርቱ መሀል ብቅ ይላል። የሽንኩርቱም ራስ እያነሰ እያነሰ ሄዶ የአውራ ጣት ያህል ሆነ።

ጥፋተኛውን ግን አላጣውም፤ ወንድሙ ነዋ! ያ ሰነፍ ስለማያርም ነው ከእሱ በኩል የሚመጣብኝ እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። በእሾሁ መሀል አጮልቆ እንዳያይ ኩራቱ አልፈቀደለትም። በመጨረሻ ለሚስቱ ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ የአባቴን ጓሮ ለላም ግጦሽ እለቀዋለሁ አላት። ከዚያ ጓሮ ሌላ እንጀራ እንደሌላቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

አንድ ጠዋት ታዲያ ዶማ ማንሳት ሰለቸው። ተንበረከከና አንዱን ሥር ሳይቆርጥ፣ አፈሩን በጣቱ እየፈለፈለ ተከተለው። ወንድሙ መደብ ድረስ እንደሚሄድ እርግጠኛ ነበር፤ እንዲያውም ሄዶ የሚናገረውን እያሰናዳ ነበር። ሥሩ ግን ከእሾሁ በታች ገባና እዚያው ቀረ። በደረቱ ተኝቶ አየ። ከእሾሁ በታች የማንም ዶማ ደርሶ አያውቅም። ሰርዶው እዚያ ተከልሎ እንደ ፍራሽ ተደልድሏል፤ ግማሹ ወደ እሱ ይወርዳል፣ ግማሹ ወደ ወንድሙ። በእሾሁም መሀል የወንድሙን መደብ አየ። የወንድሙ ሽንኩርት ከእሱም የባሰ ነበር። አፈረ። እሾሁን ጎትቶ ያመጣው እሱ ራሱ ነበር እኮ።

ብዙ ተቀመጠ። አጥሩን ባነሳ ሰው ምን ይለኛል? ወንድሜስ ተሸነፈ ብሎ አይስቅብኝም? አልደብቅሽም፣ ጓሮውን ለላም ሊተው ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያ ተነሳ፤ ባላ ፈልጎ የመጀመሪያውን እሾህ አነሳ።

ታላቅየው የእሾሁን ኮሽታ ሰምቶ ዱላውን ይዞ መጣ። ወሰን ሊገፋኝ ነው ብሎ ነው፤ ማን ይፈርድበታል?

«ደግሞ ምን ልትወስድ ነው?» አለው።

«ምንም። ና ጎንበስ ብለህ እየው። ሁለታችንንም የሚበላን እዚህ ነው የተኛው።»

ታላቅየው ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ዱላውን አስቀመጠና ሌላ ባላ ፍለጋ ሄደ። ያን ቀን እሾህ ሲያነሱ፣ ሥር ሲጎለጉሉ ዋሉ። አልተቃቀፉም፣ ስለ ውሃውም ቃል አልተናገሩም፤ «ወጋህ?» «ግድ የለም»፤ የተነጋገሩት ይኸው ነው። የነቀሉትንም ፀሐይ እንዲያደርቀው ከድንጋይ ላይ አሰጡት። የውሃውን ነገር ያነሱት ከርሞ ነው፤ ያኔ መሀላቸው እሾህ ስላልነበረ ተደማመጡ።

ልጄ፣ ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ። ጾም በገባ ቁጥር እኔ ዘንድ መጥተሽ ይቅር ብያታለሁ ትያለሽ። ውሸት ነው አልልም፤ መደብሽን ስትጠርጊ አይቻለሁ። ነገር ግን እህትሽ ባለችበት መንገድ አታልፊም። ልጆችሽ ደጇን እንዳይረግጡ ከልክለሻል። ልጇን ክርስትና ስታስነሳ እንኳን ደስ አለሽ አላልሻትም። እግዚአብሔር ይቅርታሽን ጠልቶት አይደለም ቂሙ የሚመለስብሽ፤ አጥረሽ ያኖርሽለት ቦታ ስላለው ነው። ላዩን ብትከተክቺው ከዚያ እየወጣ ይመጣል። እሷ ዱላ ይዛ ትወጣብሽ ይሆናል፤ እሱን እኔ አላውቅም። ብቻ አሁን ተነሺና ሂጂ። ሌላ ጊዜ ስትመጪም ይቅር አልኳት አትበዪኝ፤ እሾህ የወጋውን እጅሽን አሳዪኝ።