አክስቱን የገመተው ጃርት

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ወሬ ያለው ለነገ ያቆየው።

በጥንት ጊዜ፣ አውሬ እንደ ሰው ትዳር ይዞ በሚኖርበት፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ጃርት ነበረች። ባሏ ይርጋ ይባላል። ይርጋ ሲያገባት ታታሪ ነበር፤ ማልዶ ይቆፍር፣ ስኳር ድንች ይተክል፣ ዱባ ይከምር ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል! አንድ ቀን ቁራ መጣችና ወሬ አመጣች።

"ይርጋ፣ ከገደሉ ማዶ ያሉት አክስትህ እትዬ ዘነቡ እኮ አረጁ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ ካንተ ሌላ ወራሽ የላቸው" አለችው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የይርጋ እጅ ከአፈር ተለየ።

"ማንጠግቦሽ፣ እስኪ አክስቴን ሄጄ ልጠይቃቸው" አላት።

"ደግ ነው። ማሳውስ? ዝናቡ እኮ ደረሰ።"

"ማሳው የት ይሄዳል!" አለና ሄደ።

እትዬ ዘነቡ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ይርጋ ሹልክ ብሎ ጓዳ ገባ። ጥግ ላይ ትልቅ የጭቃ ጎታ ቆሟል። በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው።

"ጎታ ሆይ፣ ሆድህ ስንት ይይዛል?"

"ሃያ ቁና ማሽላ ይይዛል።"

"አሁንስ ስንት አለህ?"

"የራበው 'ስጠኝ' ይላል፤ ያልራበው 'ስንት አለህ' ይላል። አንተ የትኛው ነህ?" አለው ጎታው።

ይርጋ ግን ሃያ ቁናውን በልቡ ቋጥሮ እየሮጠ ቤቱ ገባ።

"አንቺ ማንጠግቦሽ፣ ሃያ ቁና ማሽላ ወረስን!"

"ውይ! እትዬ ዘነቡ ሞቱ?" ብላ ደረቷን ያዘች።

"ኧረ ደህና ናቸው፣ ምን ሆነው!"

"ታዲያ ምኑን ነው የወረስነው?"

"ግምት ነዋ!"

የማንጠግቦሽ እሾህ ቀጥ አለ። ወጥታ ለብቻዋ መቆፈር ጀመረች።

ወር ሳይሞላ ይርጋ እንደገና ተነሣ። ባዶ እጁን ላለመሄድ ማንጠግቦሽ ለክፉ ቀን ያኖረቻቸውን ሁለት ዱባዎች ብድግ አድርጎ ወሰደ። እትዬ ዘነቡ ዱባውን ሲበሉ እሱ ጓዳ ገብቶ የእንጨት ሳጥናቸውን ይወዘውዝ ጀመር።

"አትወዝውዘኝ! ወገቤን ያመኛል" አለ ሳጥኑ።

"ውስጥህ ምን አለ?"

"የከፈተኝ ያውቃል፣ የነቀነቀኝ አያውቅም።"

ይርጋ ጆሮውን ለጥፎ ሰማ። ሽው የሚል ነገር አለ፤ ኩታ ነው። ቅጭል የሚል ነገር አለ፤ ድሪ ነው። ሰባት ኩታና አንድ የብር ድሪ ብሎ ገምቶ ተመለሰ።

"ድሪው ላንቺ ነው፣ ኩታው ለሁላችን" አላት።

"ጃርት ኩታ ምን ያደርግላታል? አንድ ቀን ሳንለብሰው እሾኋችን ይበሳሳው የለም ወይ! ይልቅ ዱባዎቼስ?"

ይርጋ ተከዘ። "እትዬ በሏቸው። እንዴት እንደተስማማቸው ብታዪ! ጉንጫቸው ሞላ፣ ዓይናቸው በራ። ወይ አለመታደል!"

የማንጠግቦሽ እሾህ ቀጥ አለ። "አንተ ሰው፣ የምትመኘው ሞት ነው፣ የምታበላው ዱባ ነው። ወይ አንዱን ምረጥ፣ ወይ ማሳህን ቆፍር!" አለችው። እሱ ግን አልሰማትም፤ ጥፍሩን አንድ በአንድ እያጠፈ ይቆጥር ነበር።

ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡም ሄደ። ማሳው ሰፊ ነው፣ የአንዲት ጃርት ጉልበት ጠባብ ነው፤ ግማሹን አረም ዋጠው። ሁለቱ ልጆቻቸው ምሽት ላይ "እማዬ፣ ምን እንብላ?" ሲሉ፣ ይርጋ ቀድሞ ይመልሳል።

"ልጆቼ ታገሱ፣ ሃያ ቁና ማሽላ አላችሁ።"

"የት አለ?"

"አክስቴ ጎታ ውስጥ።"

ልጆቹም እናታቸውን ያያሉ። ማንጠግቦሽ ምን ትበል? የደረቀ ሥር ቆርጣ ታካፍላቸዋለች።

ይርጋ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሣ "ዛሬስ አብሬህ እሄዳለሁ" አለችው። ሲደርሱ እትዬ ዘነቡ በር ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ከዘራቸው ግድግዳ ተደግፋለች። ይርጋ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ።

"ከዘራ ሆይ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እትዬ ስንት ዓመት ይቀራቸዋል?"

"ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ከዘራዎች ተሰብረው ምድጃ ገብተዋል። እኔም ይኸው ጫፌ እያለቀ ነው። የእሳቸውን ነገር ግን እኔ እንጃ!" አለች ከዘራዋ።

ይርጋ ጥፍሩን ማጠፍ ጀመረ። "አምስት ዓመት ቢኖሩ... ከሃያ ቁናው... ቆይ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበሉት?"

"ሁለቴ" አለች ከዘራዋ።

"ሁለቴ! የእኔን ማሽላ በቀን ሁለቴ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?"

ያን ጊዜ ማንጠግቦሽ አልቻለችም። ከራስዋ እስከ ጅራቷ ያለ እሾህ ሁሉ ተነሥቶ ተንኳኳ። "በቃኝ! በቃኝ አልኩ! ልጆቼ በግምት ጦም አደሩ፣ በግምት ከሱ! ማሳዬ አረም በቀለበት! እሱ እሰው ደጅ ቆሞ የሰው ጉርሻ ይቆጥራል!"

እትዬ ዘነቡ ነቁ። "ምንድን ነው ጩኸቱ፣ ልጄ?"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ባሌ የእርስዎን ሞት ሲጠብቅ እኛ ቀድመን ልንሞት ነው" አለች ማንጠግቦሽ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፉ ነገረቻቸው።

አሮጊቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ።

"ስንት አወጣሁ፣ ይርጋ?"

"ሃ... ሃያ ቁና። ሰባት ኩታ። አንድ ድሪ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"እኔንስ ስንት ብለህ ቆጠርከኝ?"

ይርጋ ያጠፈውን ጥፍሩን ከኋላው ደበቀ።

"ሰማህ፣ የእኔ ልጅ፤ የሚጦር ሳይኖር የሚወርስ ከየት ይመጣል? ካሁን ጀምሮ ቤትህ ቤቴ ነው። ተሸከም!" አሉት።

ተሸከመ። መጀመሪያ ጎታውን አዝሎ ገደሉን ወርዶ ወጣ። ቀጥሎ ሳጥኑን አዝሎ ወረደ፣ ወጣ። በመጨረሻ ራሳቸውን እትዬ ዘነቡን አዘለ። ጃርት ጃርትን ሲያዝል ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት! በየእርምጃው "ውይ!" ይላል፤ ከዘራዋ ከኋላ "ቀጥ በል!" ትለዋለች። ማንጠግቦሽ ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ጎታው ሲከፈት አራት ቁና ማሽላ ብቻ ተገኘ። ሳጥኑም የሟች ባላቸውን አሮጌ ጋቢና የተሰበረ ጸናጽል ይዟል።

"ሁለቱ ቁና ለልጆቹ ነው። ሁለቱ ዘር ነው። ዘር ደግሞ መሬት ይፈልጋል" አሉ እትዬ ዘነቡ፤ ማሳው ዳር ተቀምጠውም "እዚያ ጋ ሥሩ ቀርቷል! ጠለቅ አድርገው!" እያሉ ይርጋን ያስቆፍሩት ጀመር።

እትዬ ዘነቡ እዚያው ሰባት ዓመት ኖሩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወጡ አልጣመኝም፣ በሩ ነፋስ ያስገባል እያሉ ማንጠግቦሽን ሲያማርሯት ከረሙ። እሷ ግን ምሽት ላይ ጥፍሩ አፈር የጠገበ ባል ሲገባ እያየች ትችለዋለች። ልጆቹም ወፈሩ።

እትዬ ዘነቡ ያረፉ ዕለት ይርጋ የምሩን አለቀሰ፤ ማንጠግቦሽም ያላሰበችው እንባ ወረዳት። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ከርከሮ ወደ ይርጋ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። "ለመሆኑ ስንት ተዉልህ?"

ማንጠግቦሽ ጆሮዋን አቀናች።

ይርጋ ዓይኑን ጠረገ። "ከሠልስቱ በኋላ ድንች እነቅላለሁ። መጥተህ አግዘኝ፣ እዚያ እናወራለን" አለው።

ውርስ ጠባቂ ጦም አዳሪ፤ የአሮጊት ዕድሜም በቁና አይሰፈርም። እኔ ተናገርኩ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ እንግዲህ ተረቱ ከእናንተ ጋር ይደር።