ሦስተኛው ብሩሽ

ቀረብ በሉ፣ ቀረብ በሉ! ትልልቆቹም ተጠጉ፤ ተረት ለልጅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ ወንዙ ገና መንገዱን ሳይመርጥ፣ ስሙን ማንም ባልጠየቀው አገር አንድ ላጪ ዝንጀሮ ነበረ። የፍየልን ጢም፣ የጦጣን ጉንጭ፣ የንጉሥ አንበሳን አገጭ ሳይቀር የሚላጨው እሱ ነው። አቤት እጁ! ምላጩ ፊት ላይ ሲያልፍ ዝንብ ያረፈ እንኳ አይመስልም ነበር።

ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌው ጉሬዛ ነው። ጉሬዛ አርጅቶ አልጋ ላይ ሲውል፣ ከገዛ ነጭ ጭራው ቆርጦ የሠራቸውን ሁለት የመላጫ ብሩሾች አውጥቶ ሰጠው።

«ልጄ፣ ብሩሽ ሳይደርቅ እንደገና ከተነከረ ይበሰብሳል። ስለዚህ አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለፀሐይ። ሦስተኛው ግን...»

«ገባኝ! ገባኝ ጌታዬ!» አለና ዝንጀሮ ብሩሾቹን ይዞ በደስታ እየዘለለ ወጣ።

«ኧረ ቆይ፣ አልጨረስኩም!» አለ ጉሬዛ። ማን ይስማው! በማግሥቱ ጉሬዛ ሞተ፤ የቀረችውን ቃል ይዟት ሄደ።

ዝንጀሮ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ሥራውን ጀመረ። እንዶድ ይወቅጣል፣ በቅል ውኃ ይመታዋል፣ አረፋው እንደ ደመና ይነሣል። ዛሬ በአንደኛው ብሩሽ ሲሠራ ሌላኛው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ይሞቃል። ነገ ይለዋወጣሉ። ምን ጎደለ? ምንም አልጎደለ!

አንድ ቀን ግን እመት ቀበሮ ጉንጯን ልትስተካከል መጣች። ዝንጀሮ ጭራዋን አየና ልቡ ዘለለች።

«እመት ቀበሮ፣ ከዚህ ከሚያምረው ጭራሽ ትንሽ ብትሰጪኝስ?»

«ለምንህ ነው?»

«ለብሩሽ! ቆዳቸው ስስ ለሆኑ ደንበኞች! ይህቺ የመጨረሻዬ ናት! ከዚህ በኋላ ሌላ ብሩሽ ቢያምረኝ ጅብ ይብላኝ!»

ለካ አያ ጅቦ ሾላውን ከከበበው አጥር ጀርባ ተኝቷል። ጆሮውን ቀጥ አደረገ። «ሰምቻለሁ!» አለ።

እማማ ኤሊም ከሾላው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። የሚላጭ አንድ ፀጉር የላቸውም፤ በየቀኑ የሚመጡት ለወሬ ነው። አንገታቸውን ብቅ አድርገው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ብሩሽ የምትይዝበት እጅህ ስንት ነው?»

«አንድ ነው፣ እማማ።»

«ይሁና» አሉና አንገታቸውን መለሱ።

ሳምንት አልሞላም፤ በሬ መጣ። የበሬ ጭራ ጫፍ እንዴት ያለ ወፍራም ነው! «ለጠንካራ ጢም ይሆናል! ይህቺ የመጨረሻዬ ናት! ከዚህ በኋላ ሌላ ብሩሽ ቢያምረኝ ጅብ ይብላኝ!»

«ሰምቻለሁ!» አለ ጅቦ፤ አንድ እርምጃ ወደ አጥሩ ተጠጋ።

ቀጥሎ አያ ፍየል ጢሙን ሊከረከም መጣ። ዝንጀሮ ጢሙን እያየ፣ እያየ፣ ከሥሩ ላጭቶ ብሩሽ አደረገው!

«አንተ! ከርክመኝ እንጂ ንቀለኝ አልኩህ?» ጮኸ ፍየል። «አሁን ሚስቴ ማን ብላ ታስገባኛለች?»

«አታካብድ፣ ይበቅላል! ይህቺ የመጨረሻዬ ናት! ከዚህ በኋላ ሌላ ብሩሽ ቢያምረኝ ጅብ ይብላኝ!»

«ሰምቻለሁ!»

እንዲህ እንዲህ እያለ አዲሶቹ ብሩሾች ዘጠኝ ሞሉ። የጠዋት ብሩሽ፣ የዝናብ ቀን ብሩሽ፣ የእንግዳ ብሩሽ፣ እንዲያው ሲያዩት ደስ የሚል ብሩሽ! ሾላው ፍሬ ያፈራ መሰለ። አትሳቁ! የእኔን የነጠላ ሣጥን ከፍቶ ያየ ልጅ ካለም ዝም ይበል።

ያን ጊዜ የንጉሥ አንበሳ እናት ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ነበር። በዚያ አገር ወግ፣ ያዘነ ሰው እስከ ሙት ዓመቱ ምላጭ አያስነካም። በሙት ዓመቱ ዕለት ግን አገር በተሰበሰበበት ይላጫል፤ ሐዘኑ የሚወጣው በዚያ ነው። የንጉሡ ጢም አድጎ አድጎ መሬት ይጠርግ ነበር።

«የንጉሥ ጢም በተራ ብሩሽ?» አለ ዝንጀሮ እየተቁነጠነጠ። «አይሆንም! ንጉሣዊ ብሩሽ ያስፈልገኛል!»

ዓይኑ የት አረፈ? ዳማ በምትባል ባዝራ ላይ። ጭራዋ ቀይ፣ ረጅም፣ እንደ ሐር የሚያበራ ነው። ዳማ በቅርቡ ወልዳለች፤ ውርንጭላዋ ሆዷ ሥር ቆሟል፣ እሷም ዝንቡን በጭራዋ ዓይኑ ላይ ሳያርፍ ትመልስለታለች። እንዲህ ያለችው እናት ጭራዋን እንደማትሰጠው ዝንጀሮ ያውቃል። ስለዚህ ፊቱን አጨፈገገ።

«እመት ዳማ፣ አልሰማሽም? ንጉሡ ለእናታቸው ሐዘን ባለ ጭራ ሁሉ ይላጭ ብለዋል።»

ዳማ ደነገጠች። «ዝንቡስ? ልጄ ገና ጨቅላ ነው።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው።»

ዳማ ልጇን አየች፣ ሰማዩን አየች። «የንጉሡ እናት ስወልድ መጥተው ማርያም ማረችሽ ያሉኝ ሴት ናቸው። ለሳቸው ሐዘን ጭራ ይነሰኝ? ላጨኝ» አለችና ዞረችለት።

ዝንጀሮ ዓይኑን ከውርንጭላው መለሰ። ምላጩ ግን በእጁ ነበር። «ይህቺ የመጨረሻዬ ናት...» አለ፣ በዚህ ጊዜ ግን ድምፁን ቀነስ አድርጎ።

«ሰምቻለሁ!» አለ ጅቦ። አሁን አጥሩን አልፎ ገብቷል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። አገር ተሰበሰበ! ንጉሡ ዱካ ላይ ተቀመጠ፤ ዝንጀሮ አሥረኛውን ብሩሽ ከፍ አድርጎ አሳየና አረፋውን መታ፣ መታ፣ መታ! የንጉሡ ፊት እንደ ጥጥ ነጣ። ሕዝቡ እልል አለ። አዲስ ብሩሽ ግን ሳይለመድ ፀጉሩን ያራግፋል፤ ጉሬዛ ቢኖር ይነግረው ነበር። ንጉሡ አፉን ጠረግ ሲያደርግ ከነጩ አረፋ ውስጥ አንድ ረጅም ቀይ ፀጉር ጎትቶ አወጣ።

«ይህ የማን ነው?»

ወዲያው አንድ ትንሽ ነገር እየተደናበረ መጥቶ ከንጉሡ ዱካ ጋር ተጋጨ። የዳማ ውርንጭላ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ አብጠው ተጨፍነዋል፤ ዝንብ ሰፍሮባቸዋል።

«ይህ ልጅ ምን ሆነ?»

ዳማ ቀረበች። «ዝንብ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ጭራዬን ለእናትዎ ሐዘን ከሰጠሁ ወዲህ የማባርርበት የለኝም። የአገሩ ሐኪም አይቶታል፤ ሳምንት ሙሉ ዝንቡ ካልተባረረለት ዓይኑ ይጠፋል ብሎኛል።»

«ለእናቴ? ማን ጠየቀሽ?»

አገር በሙሉ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። ያኔ ጅቦ ምራቁን እያዝረከረከ ዘሎ መሐል ገባ።

«እኔ ምስክር ነኝ! አሥር ጊዜ ሌላ ካማረኝ ጅብ ይብላኝ ብሏል! ቆጥሬያለሁ! እስከ ዛሬ የታገሥኩት እንዲሰባልኝ ነው!»

«ምለሃል?» አለ ንጉሡ።

«ምያለሁ» አለ ዝንጀሮ።

«እንግዲያው የሱ ነህ።»

ሾላው ቅርብ ነበር። አንድ ዝላይ ቢዘል ጅቦ አይደርስበትም። ዝንጀሮ ዛፉን አየ፤ ከዚያ ውርንጭላውን አየ። ልጁ የእናቱን ሆድ ሽቶ አንገቱን ይዘረጋል፣ የሚያገኘው ግን አየር ነው።

ዝንጀሮ ዘለለ፤ ግን ለመሸሽ አልነበረም። አዲሶቹን ብሩሾች ከቅርንጫፉ አወረደ፣ አሥረኛውንም ጨመረ፣ እጀታቸውን እየሰበረ ፀጉሩን ሁሉ በልጥ አንድ ላይ አሰረው። ትልቅ ዥንጉርጉር ጭራ ሆነ! ከውርንጭላው አጠገብ ቆሞ ዝንቡን ያባርር ጀመር። እሽሽ! እሽሽ!

«ዋሽቼሻለሁ፣ ዳማ» አለ እያባረረ። «ትእዛዝ የሚባል አልነበረም። ያዘዘኝ ዓይኔ ነው። ጅቦ ይብላኝ፤ ግን ዝንቡ እስኪለቀው ትንሽ ይታገሠኝ።»

«ጨረስክ?» አለ ጅቦ ጥርሱን እያፋጨ።

«ቆይ!» አለች ዳማ። «ጭራዬ እስኪበቅል ጭራዬ እሱ ነው። አያ ጅቦ፣ የኔን ጭራ ልትበላ ነው? እኔ መቼ ማልኩልህ?»

ንጉሡ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ፤ አረፋው በየሰዉ ላይ ተረጨ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ጭራ አይበላም።»

«ሲበቅልስ?» አለ ጅቦ።

«ያኔ ተመልሰህ ጠይቃት።»

በዚያ ዕለት የንጉሡ ጢም በጉሬዛ አሮጌ ብሩሽ ተለቅልቆ ተላጨ፤ አንድ ፀጉር እንኳ አልረገፈም። በስምንተኛው ቀን ውርንጭላው አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ በአሥረኛው ሁለተኛውን። መጀመሪያ ያየው ዥንጉርጉር ጭራ የያዘ ዝንጀሮ ነው። እናቱ መስሎት ሊጠባው ሄደ!

የባዝራ ጭራ ቶሎ አይበቅልም። ዝንጀሮ ሁለት ክረምት ከኋላዋ ቆመ። በቅሎ ባለቀ ጊዜም ጅቦ መጥቶ ጠየቃት፤ ዳማ «ገና ነው» አለችው። ይኸው እስከ ዛሬ ገና ነው። ዝንጀሮ ግን ጅቦን አላመነም፤ ገደል ላይ የሚያድረው ለዚህ ነው። የባልንጀራውን ገላ ሲዳብስ ብታዩት፣ ተባዩን ለቅሞ ፀጉሩን የሚተወውም ያ መሐላው ትዝ ብሎት ነው።

እና ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ያን የሙት ዓመት ዕለት፣ ዝንጀሮ እርጥቡን ብሩሽ ፀሐይ ላይ ሲሰቅል፣ እማማ ኤሊ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጉሬዛ ሳይጨርስ የሞተውን ቃል አገኘኸው?»

«አገኘሁት፣ እማማ» አለ ዝንጀሮ፦ «አንዱ ለእጅ፣ አንዱ ለፀሐይ፤ ሦስተኛው ግን የጎረቤት ጭራ ነው።»