አያ ጅቦ ተዘርግቶ የተለካ ዕለት

አንድ ጊዜ በጋው ጠንክሮ በአካባቢው ያለ ምንጭ ሁሉ ሲደርቅ፣ እንስሳቱ ውሃ ፍለጋ ገደል ሲወርዱና ሲወጡ ይውሉ ጀመር። ልጆቻቸው ገደሉን ስለማይችሉት ትልቁ ዋርካ ሥር ሰብስበው ትተዋቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ታዲያ እባብ መጣ። ደግነቱ ማንንም ሳይነድፍ አህያ ደርሳ አባረረችው። ወሬው ሲሰማ እናቶቹ ሁሉ ተንጫጩና አያ አንበሶ ሳይወድ በግዱ ከእንቅልፉ ተነስቶ ስብሰባ ጠራ።

«ጠባቂ ያስፈልጋል» አለ እያዛጋ። «እባብ ቢመጣ ረግጦ የሚያስቀር። ሲረግጥ ከሁሉ በላይ የሚጫን ማን ነው? እሱ ይጠብቅ።»

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «እኔ ነኛ! ይሄን ሆድ አይታችሁታል?»

«ልጆቹን አትበላቸውም?»

«እኔ? ኧረ በጭራሽ! ጠግቤ እያለሁ ምን ቆርጦኝ!»

«ሲርብህስ?»

«ሲርበኝማ…» አሰብ አደረገ። «ያኔ እንነጋገራለን።»

ማንም አልሳቀም። አንበሳ ደግሞ አንዴ የተናገረውን የማይመልስ ሰነፍ ዳኛ ነው። «ሌላ ተወዳዳሪ ከሌለ ከነገ ጀምሮ ጠባቂው ጅቦ ነው» አለና ተመልሶ ጋደም አለ።

ቀበሮ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ዋርካው ሥር ታያለች። የሷም ቡችሎች እዚያ ናቸው። ትንሹማ ነገሩ ጨዋታ መስሎት ጅቦ አፍንጫ ሥር ቆሞ ጭራውን ይቆላል። ጅቦ ያየዋል፤ ምራቁን ይውጣል፤ ደግሞ ያየዋል። ቀበሮ ቀልድ ትወዳለች እንጂ ይሄን አትወድም።

ዞር ስትል ፍየሊትን አየቻት። ፍየሊት እንደ ልማዷ መዳፍ በምታህል ድንጋይ ጫፍ ላይ አራቱንም እግሯን ሰብስባ ቆማለች። ቀበሮ ሰኮናዎቿን አየች። የጅቦን ሰፋፊ መዳፎች አየች። ከዚያ ፈገግ አለች። እሷ ፈገግ ስትል ደግሞ አንድ ሰው ጉድ ሊሆን ነው ማለት ነው።

«አያ አንበሶ፣ እትዬ ፍየሊት ትወዳደራለች!»

«እኔ?!» አለች ፍየሊት፤ ከድንጋዩ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ጅቦ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። «ይቺ ደረቅ? ይቺንማ በአንድ ጉርሻ…»

«ምን አልክ?» አለ አንበሳ አንድ ዓይኑን ገልጦ።

«ምንም አላልኩም ጌታዬ።»

«በወሬ አይሆንም» አለች ቀበሮ። «ነገ ጠዋት እለካችኋለሁ። አያ ጅቦ፣ አንተ እስከዚያ ደህና አድርገህ ብላ።»

ጅቦ እንዲህ ያለ ምክር ሁለቴ እንዲነገረው አይፈልግም።

በማግስቱ ሁሉም ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ቀበሮ ዕቃዋን ደርድራ ጠበቀቻቸው። ነጋዴዎች መንገድ ላይ የጣሏቸው ሁለት የቆዳ ስልቻዎች ናቸው፤ አንዱ ጅብ የሚያስተኛ ትልቅ፣ አንዱ መዳፍ የምታህል ትንሽ። ሁለቱንም ውሃ ሞልታቸዋለች። ከእያንዳንዳቸው አፍ ላይ ውስጡ የተቦረቦረ ሸምበቆ ሽቅብ ተተክሏል። ውሃው በጎን እንዳያመልጥ አፋቸው በልጥ ተጠፍሮ በሰም ተደፍኗል። የሁለቱም ሸምበቆ ቁመት አንድ ነው። በየሸምበቆው ውስጥ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቀጭን ሰንበሌጥ ገብቷል፤ ጫፉ ላይ የጅግራ ላባ ታስሯል።

«ይሄ ምንድን ነው? ጌጥ ነው?» አለ ጅቦ።

«መለኪያ ነው» አለች ቀበሮ። እጇን ትልቁ ስልቻ ላይ አሳረፈችና ጫን አደረገች። ላባው ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ስትለቀው ወረደ። «አያችሁ? ስልቻው ሲጨመቅ ውሃው ሌላ መሄጃ የለውም፤ በሸምበቆው ይወጣል። ጫናው በበረታ ቁጥር ላባው ከፍ ይላል። ላባው አያዳላም፤ አይሰማም፤ ጉቦም አይበላም።»

«ገባኝ» አለ አንበሳ። አልገባውም፤ ግን ዳኛ አልገባኝም አይልም።

ቀበሮ በየስልቻው ላይ ልክ ስልቻውን የሚያህል የዛፍ ቅርፊት አጋደመች። «እንግዲህ ምርጫው የተወዳዳሪው ነው። አያ ጅቦ ታላቅ ስለሆነ እሱ ይቅደም። ትልቁን ነው ትንሹን?»

እናንተ ብትሆኑስ የቱን ትመርጣላችሁ? ቆይ፣ አትቸኩሉ፤ ጅቦም አልቸኮለም። ቀበሮ ዘሎ ትልቁ ላይ ፊጥ የሚል መስሏት ነበር። እሱ ግን አፍንጫውን አሾለና ወደ ትንሹ ሄደ። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ለካ ትንሹ ስልቻ የቅቤ ስልቻ ኖሯል! ቀበሮ ደንግጣ ጭራዋ ቀጥ አለ። ይሄን አላሰበችም።

«ይሄ ይሸታል» አለ ጅቦ ምራቁ እየተንጠባጠበ። «ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም…»

ዋርካው ሥር ትንሹ ቡችላ ጭራውን ይቆላል።

«ጎሽ!» አለች ቀበሮ ቶሎ ብላ። «ትንሹን ውሰድ! ትልቁን እኮ ለፍየሊት ነው ያሰብኩት። እሷ ከሲታ ናት፤ ትልቁን ካላገኘች እንዴት ትችልሃለች?»

ጅቦ አንገቱን ቀና አደረገ። «ለማን ነው ያሰብሽው?»

«ለፍየሊት።»

«ትልቁን? ለሷ? እኔ እያለሁ?» ብሎ ሮጦ ትልቁ ስልቻ ላይ ወጣ። «የኔ ነው! ማንም አይነካውም!»

«ኧረ አያ ጅቦ፣ ነውር ነው…»

«የኔ ነው አልኩ!»

«እሺ በቃ፤ አንተን ማን ይችልሃል» አለች ቀበሮ፤ ሳቋን ለመደበቅ አስነጠሰች። «ግን እንደዚህ አትቁም። ሆድህ በጎን ተንጠልጥሏል፤ ያ ሁሉ የበላኸው ክብደት ሳይለካ ሊቀር ነው። በሆድህ ተኛበት። እግርህን ዘርጋ። አገጭህንም አስተኛው፤ ጭንቅላትህ ይከብድ የለ?»

«በጣም ይከብዳል እንጂ!» አለ ጅቦ በኩራት፤ እንደ ተሰጣ ቆዳ ተዘረጋ። ሆዱ ቅርፊቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

ሁሉም ላባውን አየ። ላባው ትንሽ ተነቃነቀ። የጣት ቁመት ያህል ከፍ አለና ቆመ።

«ደረሰ?» አለ ጅቦ፤ አገጩን ስላስተኛ ላባው አይታየውም።

«ደርሷል፣ ደርሷል» አለች ቀበሮ። « አሁን ውረድ።»

ፍየሊት ወደ ትንሹ ስልቻ ቀረበች። «እህቴ፣ ብወድቅስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ድንጋይሽ ላይ እንደምትቆሚው ቁሚ። ሌላ ምንም አታድርጊ።»

ፍየሊት አንድ እግሯን አሳረፈች። ሁለተኛውን አስከተለች። ከዚያ አራቱንም ሰብስባ ጉብ አለች። ላባው ተስፈነጠረ። ከሸምበቆው አፍ ወጥቶ ሰንበሌጡን ይዞ በረረ። ውሃው ተከትሎት ፊን አለና አያ አንበሶ አፍንጫ ላይ አረፈ።

አንበሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ዓይኑን ገለጠ።

«ማታለል ነው!» ብሎ ጮኸ ጅቦ። «እኔ እኮ ከሷ እጥፍ እከብዳለሁ!»

«ትከብዳለህ» አለች ቀበሮ። «ማን አትከብድም አለህ? ክብደትህን ግን ሰፊው ላይ በተንከው፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ትንሽ ነው የደረሰው። እሷ ያላትን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አሳረፈችው። አያ አንበሶ፣ ትልቅ ግንድ ላይ ተኝተው ያውቃሉ?»

«ሁልጊዜ።»

«እሾህ ላይስ?»

አንበሳ ያለፈውን ክረምት አስታውሶ መዳፉን ላሰ። «አታንሺብኝ።»

ጅቦ ግን ለአንዴም ቢሆን ነገር ገባው። «እንግዲያው ትንሹን ስጡኝ! እኔም ትንሹ ላይ ልቁም!»

ትንሹ ላይ ከቆመ ያሸንፋል፤ ቀበሮ ይሄን ታውቃለች። አንበሳም ወደ ትንሹ ስልቻ ማየት ጀመረ።

«መቆም ትችላለህ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ጠባቂ እባብ የሚረግጠው በእግሩ ነው ወይስ በስልቻ?»

«በእግሩ ነዋ!»

«እና የፍየሊት እግር ምን ያደርጋል ብለህ ነው? ያቺን የምታህል ጥፍር!»

«ምንም አያደርግም!» አለ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ፤ ሰፊ መዳፉን መሬት ላይ ዘረጋው። «ይኸው! ትቁምበት! ትዝለልበትም! እኔ አይሰማኝም!»

ፍየሊት ቀበሮን አየች። ቀበሮ በዓይኗ ጠቀስ አደረገቻት። ፍየሊት መጥታ አንድ ሰኮናዋን የጅቦ መዳፍ መሃል አሳረፈችና ሦስቱን እግሮቿን አነሳች።

«ዋይ! ዋይ! ተራራ ወደቀብኝ! አውርዷት! ትልቁ ስልቻ ይሻለኛል!»

«ሸምበቆውም ይሄንኑ ነበር የነገረን» አለ አያ አንበሶ አፍንጫውን እየጠረገ። «ጠባቂዋ ፍየሊት ናት» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍየሊት ዋርካው ሥር ድንጋይዋ ላይ አራቱንም እግሯን ሰብስባ ትቆማለች፤ ልጆቹም ሥሯ ይጫወታሉ። እባቡም አንዴ ብቅ ብሎ ሰኮናዋን አየና መንገዱን ቀየረ። ጅቦ ግን በሩቁ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ሲያልፍ ትንሹ ቡችላ «ዋይ! ዋይ! ተራራ ወደቀብኝ!» ይለዋል።

እናቱም ከጉድጓዷ ብቅ ትልና «አያ ጅቦ! ትልቁ ስልቻ ላይ አሁንም ማንም የለም፤ ትንሽ ጋደም አትልም?» ትለዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ትልቁን ካልያዝኩ ብሎ የሚስገበገብ ያለውን ጉልበት በሰፊው በትኖ ላባ እንኳ ማስፈንጠር ሲያቅተው፣ ትንሽ ያለው ግን ያለችውን አንድ ቦታ ላይ ካሳረፈ ከሱ በላይ እንደሚጫን ነው።