በሰሞነ ሕማማት የተያዘችው ድመት

በእኛ ወገን አንድ ሰው ካለጊዜው ነገር ሊቆርጥ ሲነሳ፣ ሠራተኛ ሊያባርርም ይሁን ትዳር ሊያፈርስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ ድመት አንዲት ቃል ጣል ያደርግበታል። እንግዳ ሲሰማት ይስቃል። "ድመት ደግሞ እዚህ ምን ጥልቅ አደረጋት?" ይላል። እኛ ግን አንስቅም፤ ያቺ ቃል ከማን ግቢ እንደወጣች እናውቃለን።

የወጣችው ከደብሪቱ ግቢ ነው። ደብሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች፣ ዶሮ እያስፈለፈለች የምትኖር ሴት ነበረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፣ ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች ክፉ አድርገው ማውራት ይወዳሉና። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ያሰበችውን ሳታደርግ ከዋለች እንቅልፍ አይወስዳትም።

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ባለቤት የሌላት አንዲት ዳልቻ ድመት ጫጩቶቿን ትለቅምባት ጀመር። ድመቲቱ ወልዳለች፤ ጡቶቿ ሲንጠለጠሉ ይታያሉ። የት እንደወለደች ግን ማንም አያውቅም። ሰው ካየች እዚያው ቆማ ትጠብቃለች እንጂ ወደ ልጆቿ አትሄድም።

ድመት መግደል አይታሰብም። ድመት የገደለ እጁ ይንቀጠቀጣል ይባላል፤ ደብሪቱ ደግሞ እንቁላል የምታነሳበት እጇ ያስፈልጋታል። ያለው መላ ድመቷን ይዞ፣ መንገዱን እንዳታይ በጆንያ አድርጎ፣ ወንዝ አሻግሮ መልቀቅ ነው። ለዚህም ሰው ተገኘ። የሟች ባሏ ወንድም ብናልፈው ከወንዙ ማዶ ወፍጮ ቤት አለው፤ አይጥ ጆንያውን እየቀደደ አስለቅሶታል።

"እታለም፣ ለኔ ስጪኝ፤ እናትየዋንም ልጆቿንም። አይጦቼን ትጨርስልኛለች" አላት።

ጎረቤቷ እማሆይ ጥሩወርቅ ይህን ሰሙ።

"መያዙንስ ያዟት" አሉ፤ "ግን አሁን አይደለም። ልጆቿ ገና ዓይናቸውን አልገለጡ ይሆናል። እግር ሲያወጡ ራሷ እየመራች ታወጣቸዋለች፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ባንድ ላይ ትይዣለሽ። እስከዚያ ጫጩቶችሽን ቅርጫት ድፊባቸው።"

"እማሆይ፣ እስከዚያማ ፋሲካ ያልፋል!" አለች ደብሪቱ። "አሁን ጾም ነው። በመንደሩ አጥንት የሚጥል የለም፤ ርቧታል፣ ቋንጣ ካሸተተች ሰተት ብላ ትገባለች። ከተፈሰከ በኋላ፣ በየደጁ የበግ አንጀት ተጥሎላት፣ የኔን ወጥመድ ዞር ብላ ታየዋለች?"

"ልጆቹስ?"

"ሲርባቸው ይጮኻሉ። በጩኸታቸው እናገኛቸዋለን።"

ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔም በዚያ ቀን ብኖር ከደብሪቱ ጋር እስማማ ነበር። እማሆይም ደግመው አልተከራከሩም፤ "አንቺ ታውቂያለሽ ልጄ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በሆሳዕና ማግስት ደብሪቱ ትልቁን ቅርጫት ደፍታ አንዱን ጠርዙን በእንጨት አስደገፈችው፤ ከሥሩ ለፋሲካ ካስቀመጠችው ቋንጣ ቆርጣ አኖረች። እንዳለችውም ሆነ። ድመቲቱ ብዙ ሳትቆይ ገባች፤ ብናልፈው እንጨቱ ላይ ያሰረውን ገመድ ሳበው። ጆንያ እስክትገባ ድረስ ክንዱን አደማችው። እሱ ግን "ይቺማ አንበሳ ናት!" እያለ፣ እየሳቀ ወንዙን ተሻገረ።

ልጆቹ ያን ቀን አልጮኹም። እናታቸው ስትሄድ ዝም ማለት አስለምዳቸዋለች መሰለኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ተሰሙ። ድምፁ የመጣው ከቤቱ ጀርባ፣ ግቢውን ደግፎ ከያዘው የድንጋይ ካብ ውስጥ ነው። ደብሪቱ ጆሮዋን ካቡ ላይ እየለጠፈች ተከተለችው። እዚህ ነው ስትል እዚያ ይሆናል። አንድ ድንጋይ ስትነቅል ከላይ ያለው ይናዳል፤ አፈሩም ወደ ውስጥ ይፈሳል። አፈሩ ሲፈስ ድምፁ ዝም አለባት። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ካቡን ብታፈርሰው በቁማቸው ትቀብራቸዋለች፤ ብትተወው በረሃብ ያልቃሉ።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠች።

"ብናልፈው፣ ድመቷን መልስልኝ!"

ብናልፈው አንገቱን ደፋ። "አመለጠች እኮ፣ እታለም። ጆንያውን ስፈታው በእግሬ መሃል ሾልካ ወጣች። ወዴት እንደሄደች እንኳ አላየሁም።"

ከዚህ በኋላ ያለውን ማውራት ደስ አይለኝም። ደብሪቱ ወተት በጥጥ እየነከረች በየስንጥቁ አንጠባጠበች፤ ማን ይጠጣዋል? ድንጋዩ ጠጣው። የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ፣ ግንባሯ መሬት በነካ ቁጥር ያ ቀጭን ድምፅ በጆሮዋ ይመጣባታል። ሲመሽ ተመልሳ ካቡን ብታዳምጠው ጭር ብሏል። ስንት ቀን ሙሉ "ምነው ዝም ባሉልኝ" ስትል የሰነበተች ሴት፣ "ምነው በጮኹ" ብላ አለቀሰች።

ቀዳም ሥዑር ጠዋት ቄጠማዋን በራሷ አስራ ስትመለስ ድመቲቱን ካቡ ሥር አገኘቻት። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች እግዜር ይወቅ። ጎኗ ከስቷል፤ መዳፏ ደምቷል። በዝቅተኛ ድምፅ ወደ ስንጥቁ ትጣራለች፤ ትጣራና ጆሮዋን ታቆማለች። ከዚያ ገባች። አንዱን ልጇን በአንገቱ ይዛ አወጣችና ፀሐይ ላይ አስተኝታ ላሰችው። ተመልሳ ሌላውን አመጣች። ሁሉንም እንዲሁ አወጣቻቸው፤ አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

ከሰው የምትሸሸው ድመት፣ ደብሪቱ አጠገቧ ስትቀመጥ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም። ጫጩቶቹ በፊቷ እየተንጫጩ ያልፋሉ፤ አንዱንም አልነካችም። ትልሳለች ብቻ።

እማሆይ ጥሩወርቅ በአጥሩ በኩል መጥተው ቆሙ።

"እማሆይ፣ ወልጄ አጥብቼ ያሳደግሁ ሴት ነኝ እኮ" አለች ደብሪቱ። "እንዴት አላሰብኩትም?"

"እኔስ ብሆን? አንዴ ተናግሬ ቤቴ ገባሁ። ሁለተኛ ብናገርሽ፣ ብለምንሽ ምን ነበረበት!"

"ጫጩቶቼንማ ይኸው አተረፍኳቸው" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ብዙ አለቀሰች። ኋላ ቀና ብላ፣ "እንግዲህ ይንገሩኝ፤ ሌላው ሰው እንኳ የኔ ዓይነት ጸጸት እንዳያገኘው እነግረዋለሁ። መቼ ነበር የምትያዘው?" ስትል ጠየቀቻቸው።

እማሆይ ዓይናቸውን ከድመቲቱ ሳያነሱ፣ "ልጅ ሳይከተላት፣ ድመትን አትያዛት" አሉ።