ሸክላ ሠሪዋ ሎኮና የመረግዱ ኮረብታ

ልጆች፣ ቅረቡ። ነገሩ የሆነው ዛሬ የምታዩዋቸው ትልልቅ ዋርካዎች ገና ችግኝ ሳሉ፣ በጉጂ ምድር በአንዲት ትንሽ መንደር ነው።

ሎኮ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ከሽማግሌ ጋር አትቀመጥም። ገንቦዋን ይገዛሉ፣ እጇን አይጨብጡም። ይህን ያደረጉት የኛው ሰዎች ናቸው፤ አላስተባብልላቸውም።

አንድ ቀን ሎኮ በመንደሩ ኮረብታ ላይ የሸክላ አፈር ስትቆፍር፣ ነጭ ድንጋይ ከሚያብለጨልጭ ጥቁር ድንጋይ ጋር በተገናኘበት ቦታ አረንጓዴ ነገር አገኘች። መረግድ ነው። ነጩ ቤሪሊየም የሚባል ንጥረ ነገር ሰጠው፣ ጥቁሩ ክሮሚየም የሚባለውን ሰጠው፣ አረንጓዴነቱ ከጥቁሩ ነው ይላሉ መጻሕፍት። ሎኮ መጽሐፍ አላነበበችም። «የሁለቱ ልጅ ነው» አለች። በቃ።

ወሬው ከሩቅ ነጋዴ ጠራ። ነጋዴው ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጦ ድንጋዩን አይቶ ሳቀ።

«የጠርሙስ ስባሪ ነው። ግን አዘንኩላችሁ፤ ኮረብታውን በሃያ አሞሌ ጨው ልውሰደው።»

ሽማግሌዎቹ ሊስማሙ ተቃረቡ። ኮረብታው ከሄደ ግጦሹም፣ ምንጩም፣ የሸክላው አፈርም ይሄዳል። ሎኮ ከዳር ተነሳች።

«ይቺን ጭቃ ረጋጭ ማን ጠራት?» አለ ነጋዴው።

«ጭቃው ነው የጠራኝ። እስቲ ጠርሙስህን አምጣ።»

አመጣ። በድንጋይዋ ጫረችው። ጠርሙሱ ተጫረ፤ ድንጋዩ ምንም አልሆነ።

ነጋዴው አላፈረም። አረንጓዴ የብርጭቆ ጠጠሮች ሎኮ ቆፍራ ካወጣቻቸው መረግዶች ጋር ደባለቀና «ዓይንሽን ጨፍነሽ ለይ» አላት። አንድ በአንድ ከንፈሯን አስነካቻቸው። ብርጭቆው ቶሎ ይሞቃል፤ መረግዱ ቀዝቅዞ ይቆያል። አንዱንም አልሳተችም።

ነጋዴው አሁንም አላፈረም። አንድ ብርጭቆና አንድ መረግድ ወደ ፀሐይ አነሳ።

«እዩ! የኔ እንደ ውሃ የጠራ። የሷ ውስጡ ሁሉ ስንጥቅ። አንቺ፣ የተሰነጠቀ ገንቦ ትሸጫለሽ?»

ሰዉ ሳቀ። ጅሎ የሚባለው የሽማግሌዎቹ አለቃም «እውነቱን ነው» አለ።

ሎኮ የተሰነጠቀ ገንቦ ሸጣ አታውቅም። ድንጋይዋ እሳት ይችል እንደሆነም አታውቅም።

«ሁለቱም እሳቴ ውስጥ ይግቡ» አለች። «የኔ ከቀለጠ ኮረብታውን ውሰድ፤ እኔም ካገር እወጣለሁ።»

ገንቦ ከምትተኩስበት እሳት ጣሏቸው። ጠበቁ። አመዱ ሲገለጥ ብርጭቆው እንደ ሰም ቀልጦ ተኝቷል። መረግዱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግን አልቀለጠም፤ ሁለቱም ክፋዮች አረንጓዴ ናቸው።

«አዴ ሎኮ» አለ ጅሎ፤ እመቤቴ ማለቱ ነው። ሸክላ ሠሪ እንዲህ ስትጠራ የመጀመሪያው ነበር። «ነይ፣ ከኛ ጋር ተቀመጪ።»

«መጀመሪያ እሱን አስነሳልኝ» አለች፣ ነጋዴውን እያየች።

ዛሬ ባሕር ማዶ ይህን ድንጋይ በግንቦት የተወለደ ሰው ዕንቁ ነው፣ የታማኝነት ምልክት ነው እያሉ በመስታወት ውስጥ ይደረድሩታል። ብዙ ዓመት ኖሬ ማን ቆፈረው ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ኮረብታው ግን የመንደሩ ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲከፈት የመጀመሪያውን አፈር የምታነሳው ሸክላ ሠሪ ሴት ናት። ብትዘገይ ሽማግሌዎቹ መቆፈሪያቸውን ይዘው ቆመው ይጠብቋታል።