እሳት ያልነካው ማረሻ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ አባ ወልደ ሰንበት። የንስሐ ልጃቸው ወይዘሮ አስካለ፣ «ኮብልሎ የነበረው ልጄ ተመልሶ እግሬ ላይ ወደቀ፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ታዲያ ስለ ምን እንደ እንግዳ እንተያያለን?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ሌላው መሬት ይወርሳል፣ በሬ ይወርሳል፤ የዚህ ገበሬ አባት ግን ድኻ ነበርና ከአንድ ማረሻ በቀር የተወለት የለም። እሱም እንደ ዓይኑ ብሌን ይሳሳለት ነበር። ታዲያ ዝናቡ ጥሎ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርስ፣ ማረሻው ድንጋይ መታና ጫፉ ተሰበረ። ሳይዘራ ክረምቱ ካለፈበት ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? ማረሻውን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ብረት ቀጥቃጩ ገሠገሠ።

ያኔ እንደ ዛሬው በኤሌክትሪክ መበየድ የለም። ብረትን ከብረት የሚያጋጥሙት በከሰል እሳት፣ በወናፍና በመዶሻ ነው። ቀጥቃጩ ለጫፉ የሚሆን አዲስ ብረት መረጠና አሮጌውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ገበሬው ግን አለቅም አለ።

«አዲሱን አግለው። ይሄን ግን እሳት እንዳታስነካብኝ፤ ከአባቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ቀጥቃጩ ታጋሽ ነበር። ገበሬው ካላየ የማያምን ሰው መሆኑ ገባውና አዲሱን ብቻ አጋለው። ብረቱ ነጭ እስኪሆን ነደደ። በቀዝቃዛው ማረሻ ላይ አድርጎ ቀጠቀጠው፤ የተጣበቀ መሰለ፤ ገበሬውም እሰይ አለ። ገና ከመስፉ፣ ከመቀጥቀጫው ብረት ላይ ሲያነሡት ግን አዲሱ ጫፍ ተላቆ እግራቸው ሥር ወደቀ። ደገሙት፤ አሁንም ወደቀ።

«ወንድሜ» አለ ቀጥቃጩ፣ «ይሄኛው የቱንም ያህል ቢነድ ብቻውን ምን ያድርግ? ያባትህ ብረት እኮ እንደቀዘቀዘ ነው።»

ገበሬው አባቱን ዳግመኛ የሚቀብር መሰለው። እንባው እየወረደ ማረሻውን በገዛ እጁ ከፍሙ ውስጥ ከተተው። ወናፉ ተነፋ። የስንት ዘመን ዝገት እየተቀረፈ ረገፈ። ሁለቱ ብረቶች እኩል ሲያበሩ፣ ቀጥቃጩ እድፋቸውን ጠርጎ እንዲያወርድላቸው ደቃቅ አሸዋ ነሰነሰባቸው፤ ከዚያም ደራርቦ መታቸው። ሲቀዘቅዝ ገበሬው መጋጠሚያውን በጣቱ ዳብሶ ፈለገ፤ አጣው። በነጋታው አረሰበት፤ ከአባቱም ብረት አንዳች አልጎደለም።

አባ ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞሩ።

«ዛሬም ቢሆን ያው ነው ልጄ። የከተማው በያጅ ሁለቱንም ጠርዝ ካላቀለጠ ሥራው ላይ ላዩን ነው። ልጅሽ ነድዶ መጣ፤ እግርሽ ላይ ወድቆ አለቀሰ። አንቺ ግን ቀጥ ብለሽ እንደተቀመጥሽ ‹ይቅር ብዬሃለሁ› አልሽው። ዋሸሽ አልልም። ነገር ግን ያንን የቆየ ሐዘንሽን እሳት እንዳይነካብሽ ታቅፈሽዋል፤ ልጅሽ በሌለበት ዘመን በእሱ ፈንታ አብሮሽ የኖረው ሐዘንሽ ነበራ! አልፈርድብሽም። ዛሬ ግን ቤትሽ ስትገቢ ከጎኑ ተቀመጪ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሱ መስሎሽ እንዴት ትሮጪ እንደነበር ንገሪው። ነግረሽው አታውቂም አይደል?»

«አላውቅም አባቴ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰባበረ።

«እንግዲያው ንገሪውና አብራችሁ አልቅሱ።»